ካርዱ ከመለወጡ በፊት

ባለፈው ሳምንት ለቤተሰብ ማዕዘን ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አንዱ የአንድ ሃምሳ አለቃ ባለቤት የላኩት ነው። እኚህ እናት እንደሚገልጡት፣ የበኩር ልጃቸው ዕቃውን ከየቦታው አሰባስቦ በገዛ እጁ የገጣጠመው የጌም ኮምፒዩተር ወር እንኳ ሳይሞላው መንቀርፈፍ ጀምሯል። ጨዋታው ለጥቂት ደቂቃ በሰላም ከሄደ በኋላ ሥዕሉ እየተቆራረጠ ዓይን ያደክማል። አንድ ሻጭ «ግራፊክስ ካርዱ አቅም የለውም፤ ሌላ ግዙ» ብሎ ስለ መከራቸው ባለቤታቸው ከቁጠባ ማኅበሩ ብድር ለመጠየቅ ማመልከቻ እስከ መጻፍ ደርሰዋል። ደብዳቤው የሚያበቃው በጥያቄ ነው፦ «ማመልከቻው ይግባ ወይስ ይቅር?»

መልሳችን በአጭሩ፣ ለጊዜው ይቆይ የሚል ነው። ይህን ለማለት ያስደፈረን በካርቱም ከተማ በአንድ የወገኖቻችን ቤት በዓይናችን ያየነውና፣ አንሸሽግም፣ መጀመሪያ ላይ እኛም ራሳችን የተሳሳትንበት ጉዳይ ነው።

በግንቦት ወር 2014 ዓ.ም. ለሥራ ጉዳይ በካርቱም በሰነበትንበት ወቅት የአንድ ባልደረባችንን እኅት ጠይቀን እንድንመለስ አደራ ተሰጥቶን ነበር። ቤታቸው ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖሩበት በነበረው በአል ዴይም ሠፈር ነው። ባለቤታቸው የጭነት መኪና ሾፌር ናቸው። እርሳቸው ደግሞ ሱዳኖች «ሲት አሽ ሻይ» እንደሚሏቸው ሴቶች በመንገድ ዳር ሻይና ቡና እያፈሉ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ብርቱ ሴት ናቸው። ቡናው ተፈልቶ፣ ዕጣኑ ጨሶ፣ የአገር ቤት ወሬ ተወርቶ ሲያበቃ በቤቱ ውስጥ አንድ ያልተነገረ ቅሬታ መኖሩ ከፊታቸው ላይ ይነበብ ነበር። ጥቂት ቆይተውም ተነፈሱት። አሥራ ስምንት ዓመት የሆነው ልጃቸው በእናቱ የሻይ ገንዘብ የገጣጠመው ኮምፒዩተር «ሰነፈ»። አባት «ገንዘባችንን አሸዋ ላይ አፈሰስነው» ይላሉ። እናት የጆሮ ወርቃቸውን ሸጠው ሌላ ካርድ ለመግዛት አስበዋል። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል።

ነገሩ የጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ስቀን እናልፈው ነበር። ነገር ግን ልጁ በዚያው ኮምፒዩተር የሠርግና የክርስትና ቪዲዮ እያቀናበረ ከወገኖቹ የሥራ ዋጋ መቀበል ጀምሮ ነበር። ከዚህም በላይ ዕቃው የተሰባሰበበት መንገድ ቀላል አልነበረም። አሜሪካ በሱዳን ላይ የጣለችው የኢኮኖሚ ማዕቀብ ከጥቅምት 1990 እስከ ጥቅምት 2010 ዓ.ም. ለሃያ ዓመታት የጸና ሲሆን፣ ከተነሣም በኋላ የውጭ ባንኮች ከሱዳን ጋር ለመሥራት ሲያመነቱ ቆይተዋል። በካርቱም የሚኖር ተራ ሰው በባንክ ካርድ ከውጭ ዕቃ አዝዞ ማስመጣት ስላልቻለ፣ የዚህ ቤት ልጅም ከፊሉን ዱባይ ደርሰው በሚመለሱ ሰዎች ሻንጣ አስመጣ፣ ከፊሉን ከከተማው ገበያ ገዛ። የዋስትና ወረቀትም ሆነ «ይመለስልኝ» የሚባልበት ቤት የለም። በስሕተት የሚገዛ አንድ ዕቃ ተመልሶ ገንዘብ አይሆንም።

በዚህ ጊዜ ስለ ኮምፒዩተር ጥቂት እንደምናውቅ ተናገርን። በጦር አካዳሚ ሳለን በትርፍ ጊዜያችን ሁለት ኮምፒዩተር ገጣጥመናል። ዛሬ ስናስበው ባንናገረው ይሻል ነበር፤ ምክንያቱም ጥቂት የሚያውቅ ሰው ለመወሰን ይቸኩላል። እኛም ቸኮልን። በካርቱም በበጋው ወራት መብራት ብዙ ጊዜ ይቋረጥ ስለ ነበር፣ አምፑሉም ሲደበዝዝና ሲፈካ ስላየን፣ «ችግሩ ከመብራቱ ነው፤ ኃይል ያንሰዋል» አልን። አባትዬው ከጎረቤት ከባድ ስታብላይዘር ተውሰው በጫንቃቸው ተሸክመው መጡ። ሁለት ምሽት ሙሉ ሞከርነው። ምንም ለውጥ አልመጣም።

ስሕተታችን ምን እንደ ነበር መግለጥ ይገባናል። የዛሬ ኮምፒዩተር ፓወር ሰፕላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 240 ቮልት ድረስ ተቀብሎ ለውስጥ ዕቃዎቹ አንድ ዓይነት ኃይል የሚያድል ነው። ከግድግዳው የሚመጣው ኃይል ከሚችለው በታች ቢወርድ ኮምፒዩተሩ ይጠፋል፣ ወይም ተነሥቶ እንደ ገና ይጀምራል እንጂ ሥዕሉ ከሴኮንድ ሴኮንድ እየተንቀረፈፈ አይሄድም። ስለዚህ «እያደር የሚቀንስ» ችግርና «ድንገት የሚያጠፋ» ችግር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስታብላይዘሩ ዕቃውን ከድንገተኛ የኃይል ጭማሪ ይጠብቃልና ይኑር፤ ልጁ ለተጨነቀበት ነገር ግን መድኃኒት አልነበረም። አባትዬው ስታብላይዘሩን መልሰው ሲወስዱ አላማረሩንም። ዝም ማለታቸው ግን ከማማረር ይልቅ ከበደን።

በሦስተኛው ምሽት ደብተርና እርሳስ ይዘን ቀረብን። መጀመሪያውኑ ማድረግ የሚገባን ይህንን ነበር።

እዚህ ላይ ለማያውቁት አንባብያን ስለ ፍሬም ጥቂት እንበል። በካምፓችን ሲኒማ ቤት የምናየው ፊልም በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 24 ሥዕሎች እየተከታተሉ የሚያልፉበት ነው። ጌም ግን ተጫዋቹ በጣቱ ለሚያዝዘው ሁሉ ወዲያው መልስ መስጠት ስላለበት ከዚህ የበለጠ ይፈልጋል። በሴኮንድ 60 ፍሬም ከተሠራ አንዱ ፍሬም የሚያገኘው ጊዜ 16.7 ሚሊ ሴኮንድ ነው፤ ወደ 30 ሲወርድ 33.3 ይሆናል። ይሁንና ዓይንን የሚያደክመው የቁጥሩ ማነስ ብቻ አይደለም። በሰልፍ ሜዳ ላይ ሻምበሉ ሁሉ ቀስ ብሎ ቢራመድ የሚመለከተው ሰው ምንም አይልም። በየአሥር እርምጃው አንድ ወታደር ቢደናቀፍ ግን ሰልፉ ሁሉ የተበላሸ ይመስላል። በጌምም አማካይ ቁጥሩ 90 ሆኖ ሳለ አንዳንዱ ፍሬም ሲዘገይ ጨዋታው «ተቆራረጠ» ይባላል። ስለዚህ ከአማካዩ ጎን ዝቅተኛውን ቁጥርም መመዝገብ ያስፈልጋል።

ኤም ኤስ አይ አፍተርበርነር የሚባለው ነፃ ፕሮግራም በጨዋታው ላይ በማያ ገጹ ጥግ የፍሬሙን ቁጥር፣ የፕሮሰሰሩንና የካርዱን ሙቀት፣ እያንዳንዳቸው ከአቅማቸው ስንት በመቶ እየሠሩ መሆኑን ያሳያል። ልጁ ተጫወተ፤ እኛ ጻፍን። ጨዋታው ግራንድ ቴፍት አውቶ የተባለው አምስተኛው ክፍል ነበር። ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ ስለ መኪና ስርቆት የሚናገር በመሆኑ በሾፌሩ አባት ፊት ለመተርጐም አልደፈርንም።

የኮምፒዩተሩ ዕቃዎች ደኅና ነበሩ፦ ራይዘን 5 5600ኤክስ ፕሮሰሰር፣ ጂ ቲ ኤክስ 1660 ሱፐር ግራፊክስ ካርድ፣ ባለ 8 ጊጋባይት ሁለት ራም። በመጀመሪያው ደቂቃ 96 ፍሬም ተመዘገበ፤ ፕሮሰሰሩ 79 ዲግሪ፣ ካርዱ ከአቅሙ 97 በመቶ። በስድስተኛው ደቂቃ ፍሬሙ 91፣ ፕሮሰሰሩ 92 ዲግሪ። በአሥራ አራተኛው ደቂቃ ፍሬሙ 41 ሆነ። ፕሮሰሰሩ 95 ዲግሪ ላይ ቆመ፤ ፍጥነቱም ከ4.4 ጊጋኸርዝ ወደ 2.6 ወረደ። ካርዱስ? የሚሠራው 52 በመቶ ብቻ ነበር።

ይህ የመጨረሻው ቁጥር የእናትዬውን ወርቅ ከጆሯቸው እንዳይወርድ ያደረገ ነው። ካርድ አቅም ሲያንሰው ያለ የሌለ ኃይሉን አሟጥጦ 97፣ 98፣ 99 በመቶ እየሠራ ፍሬሙ ያንሳል። እዚህ ግን ካርዱ እኩሌታውን ጊዜ እጁን አጣጥፎ ሥራ የሚሰጠውን ይጠብቅ ነበር። ሥራ የሚሰጠው ፕሮሰሰሩ ነው። ፕሮሰሰሩም በሙቀት ተይዟል። በእጥፍ የበለጠ ካርድ ተገዝቶ ቢሆን ኖሮ እርሱም ያው ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር። ሻጩ ክፉ ሰው ነው አንልም። ዕቃውን ሳያይ፣ ሳይለካ፣ ከመደርደሪያው ጀርባ ሆኖ መናገሩ ግን ለአንድ ቤተሰብ የዓመታት ጥሪት ሊያስከፍል ነበር።

ፕሮሰሰር ሲግል ለምን ይዘገያል? ራሱን ከመቃጠል ለማዳን ነው። የዚያ ዓይነት ፕሮሰሰር የሙቀት ወሰኑ 95 ዲግሪ ስለሆነ፣ እዚያ ሲደርስ ማንም ሳያዝዘው ፍጥነቱን ይቀንሳል። በጠራራ ፀሐይ ጓዙን ተሸክሞ የሚጓዝ ጦር አዛዡ «ቀስ በሉ» ሲለው እንደ ማለት ነው። መዘግየቱ በሽታው ሳይሆን የበሽታው ምልክት ነው።

ታዲያ ያ ሙቀት ከየት መጣ? ካርቱም ከባሕር ወለል በላይ 380 ሜትር ያህል ላይ የተዘረጋች የሜዳ ከተማ ስትሆን በግንቦት ወር የቀኑ ሙቀት ብዙ ጊዜ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። በዚያ ምሽት በክፍሉ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ቴርሞሜትር 36 ያሳይ ነበር። የኮምፒዩተር ፋን አየርን ያንቀሳቅሳል እንጂ አያቀዘቅዝም። በመሆኑም የክፍሉ ሙቀት በአሥር ዲግሪ ሲጨምር የፕሮሰሰሩም ከዚያ ብዙ በማይርቅ መጠን ይጨምራል። በ20 ዲግሪ ክፍል ውስጥ 79 ላይ የሚረጋ ኮምፒዩተር በ36 ዲግሪ ክፍል ውስጥ 95 ይደርሳል። ልጁ አገጣጠሙን የተማረው በበረዶ አገር ከተቀረጹ ቪዲዮዎች ነው። አስተማሪው አልዋሸም፤ የሚያስተምረው ግን ስለ ራሱ ክፍል ነው።

ይህ ብቻም አልነበረም። አባትዬው ኮምፒዩተሩን ከአቧራና ከእጅ ለመጠበቅ በአናጢ አሠርተው ጥሩ የእንጨት ሣጥን አበጅተውለታል፤ ከኋላው ግድግዳ፣ ከፊቱ የሚዘጋ በር ያለው ነው። እናትዬው ደግሞ በላዩ ላይ በእጃቸው የጠለፉትን ጨርቅ አልብሰውታል። በካርቱም ሀቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል እንደ ተራራ ተነሥቶ ከተማውን ሲውጥ ላየ ሰው ይህ ጥንቃቄ ከቶ የሚያስቅ አይደለም። ይሁን እንጂ የዚያ ኮምፒዩተር ትኩስ አየር የሚወጣው ከኋላና ከላይ ነው። የወጣው አየር በሣጥኑ ውስጥ ተመልሶ ይገባ ነበር። በፍቅር የተደረገ ነገር ስለሆነ ለመናገር ተቸገርን። ልጁም ለካ ይህን ጠርጥሮ አባቱን ላለማሳዘን ዝም ብሎ ኖሯል። በመጨረሻ «እትዬ፣ ጨርቁን ለአንድ ምሽት ያውሱን» አልናቸው። እርሳቸውም «መቶ አለቃ፣ አቧራው ከገባበት ግን በእርስዎ ነው» ብለው አነሡልን።

አንድ ነገር ብቻ ለወጥን፤ ሣጥንና ጨርቅ። እንደ ገና ለካን። አሁን ፍሬሙ የወረደው በአሥራ አራተኛው ሳይሆን በሃያ ሦስተኛው ደቂቃ ነው፤ የወረደውም እስከ 58 ድረስ ነው። ተሻሽሏል፤ አልዳነም። ፕሮሰሰሩ አሁንም 95 ይነካል። ካርዱ ግን በ71 ዲግሪ ላይ ረግቷል። አንዱ ቀዝቅዞ ሌላው ከጋለ ችግሩ የክፍሉ ብቻ ሊሆን አይችልምና፣ የፕሮሰሰሩን ማቀዝቀዣ ለማንሣት ወሰንን።

ይህን ሥራ ለሚሞክሩ አንባብያን አንድ ምክር አለን። በዚህ ዓይነቱ ማዘርቦርድ ላይ ማቀዝቀዣው ቀጥ ተደርጎ ከተነቀለ ቅባቱ አጣብቆ ፕሮሰሰሩን ከነእግሮቹ መዝዞ ሊያወጣው ይችላል። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ ጥቂት ከሠራና ቅባቱ ከሞቀ በኋላ አጥፍቶ፣ ገመዱን ነቅሎ፣ ብሎኖቹን አላልቶ፣ ግራና ቀኝ ቀስ እያሉ ማዞር ይገባል። እንዲሁ አደረግን። ማቀዝቀዣው ተነሣ። ልጁ አንድ ጊዜ አይቶ ሁለት እጁን በራሱ ላይ ጫነ።

ከማቀዝቀዣው ብረት ሥር ስስ፣ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ተለጥፎ ነበር። አንዳንድ ማቀዝቀዣዎች ከፋብሪካ ሲወጡ ብረታቸው እንዳይጫር ይህን ይለብሳሉ፤ ከመግጠም በፊት እንዲነሣ የሚያሳስብ ደቃቅ ጽሑፍም ይኖርበታል። የዚህኛው ጽሑፍ በቅባቱ ተሸፍኗል። ብረት ከብረት ሊነካካ በሚገባበት ቦታ ላይ ላስቲክ ገብቶ ሙቀቱን ዘግቶታል። ለዓመታት ዕቃ የገጣጠሙ ሰዎችም ይህን ይረሳሉ። ልጁን ለማጽናናት ስንል ይህን ደጋግመን ነገርነው። እርሱ ግን ይበልጥ የተጽናናው እኛ በስታብላይዘሩ መሳሳታችንን ሲያስታውስ ይመስለናል።

ፕላስቲኩ ተላጠ። አሮጌው ቅባት በአልኮልና በንጹሕ ጨርቅ ተጠረገ። አዲሱን ከሱቅ አል አረቢ በትንሽ ስሪንጅ ገዝቶ መጣ፤ የአተር ፍሬ የምታህል ጠብታ መሐል ላይ ካረፈች ይበቃል። በቅባት ፈንታ የጥርስ ሳሙና ይሠራል የሚሉ ሰዎች አሉ። ለጥቂት ቀን ይሠራ ይሆናል፤ ከዚያ ይደርቃል።

ያን ጊዜ ሣጥኑ እንደ ተከፈተ ሌላም ጉድለት አየን። ሁለቱ ራሞች ጎን ለጎን፣ በአንደኛውና በሁለተኛው ቦታ ተሰክተዋል። አራት ቦታ ባላቸው አብዛኞቹ ማዘርቦርዶች ላይ ሁለት ራም የሚሰካው ከፕሮሰሰሩ ወዲያ ሲቆጠር በሁለተኛውና በአራተኛው ቦታ ነው። ያለበለዚያ ሁለት በር ያለው ጎተራ ሳለ በአንዱ በር ብቻ እህል እንደ ማውጣት ይሆናል። ልጁ ወዲያው ሊቀይራቸው እጁን ሰደደ። ከለከልነው። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ከለወጥን የትኛው እንዳዳነን አናውቅም። ልጁ ተቆጣ፤ ዐሥራ ስምንት ዓመቱ ነውና።

ማቀዝቀዣው ተመልሶ ገጠመ፤ ልኬታው ቀጠለ። አንድ ሰዓት ሙሉ ፍሬሙ ከ90 በታች ያረፈው ለቅጽበት ብቻ ነው። ፕሮሰሰሩ በ78 ዲግሪ ረጋ። እናትዬው ከማያ ገጹ ጥግ ያለውን ቁጥር ማንበብ ለምደው ኖሮ ከጀበናቸው አጠገብ ሆነው «ሰባ ስምንት፣ አሁንም ሰባ ስምንት» እያሉ ይጠሩልን ነበር። በማግሥቱ ራሞቹ ቦታቸውን ያዙ። በካርቶናቸው ላይ 3200 ተብሎ የተጻፈላቸው ሲሆኑ በ2133 ብቻ ይሠሩ ስለ ነበር፣ ባዮስ ከሚባለው መነሻ ገጽ ገብተን ኤክስ ኤም ፒ የተባለውን ምርጫ ከፈትን። ዝቅተኛው ፍሬም ከ51 ወደ 70 ከፍ አለ። ያ በየአሥር እርምጃው የሚደናቀፈው ወታደር እርምጃውን ያዘ ማለት ነው።

ጨርቁን በሚመለከት ስምምነት ተደረገ። ኮምፒዩተሩ ሲሠራ ይነሣል፤ ጠፍቶ ከበረደ በኋላ ይለብሳል። ሣጥኑ ከኋላ ተከፈተለት። በፊቱ ላይ በየሳምንቱ የሚራገፍ ደቃቅ ወንፊት ተደረገ። ሀቡብ በመጣ ማግሥት አቧራው በለስላሳ ብሩሽ ይጠረጋል፤ በሚጠረግበትም ጊዜ ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣት ይያዛል። በቤቱ መስኮት ላይ የተተከለው የውኃ ማቀዝቀዣ ክፍሉን ጥሩ አድርጎ ያበርዳል። ነገር ግን እርጥብ ነፋሱ በቀጥታ ወደ ኮምፒዩተሩ እንዳይነፍስ ልጁን አስጠነቀቅነው። እርሱ ለካ ትንሿን ማራገቢያ ጨምሮ ሁሉንም ወደ ማሽኑ አዙሮ እናቱን በሙቀት ያስቀምጣቸው ነበር።

ሌሎች ምክንያቶችም መኖራቸውን ሳንጠቅስ አናልፍም። ሥዕሉ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ቀርፋፋ ከሆነ የሞኒተሩ ገመድ በግራፊክስ ካርዱ ላይ ሳይሆን በማዘርቦርዱ ላይ ተሰክቶ እንደሆነ ይታይ፤ ይህ በየቀኑ የሚደረግ ስሕተት ነው። አዲስ የተጫነ ዊንዶውስ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከበስተጀርባ ብዙ ያወርዳል። የካርዱ ድራይቨር ያረጀ፣ ጨዋታውም በኤስ ኤስ ዲ ሳይሆን በአሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ የተቀመጠ ሊሆን ይችላል። እነዚህ ሁሉ ያለ ገንዘብ ወይም በትንሽ ገንዘብ የሚፈተሹ ናቸውና፣ ከርካሹ ወደ ውዱ መሄድ ነው።

ያ ቤት ዛሬ የለም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሣ ለሱዳኖች የረመዳን ጾም መጨረሻ፣ ለእኛ ወገኖች ደግሞ ቀዳም ሥዑር ነበር። እናትዬው ለፋሲካ ዶሮ አዘጋጅተው ነበር ይባላል። ቤተሰቡ ከቀናት በኋላ በገዳሪፍ በኩል ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ መተማ ዮሐንስ ገባ። የሱዳን ጦር ከተማዋን መልሶ የያዘው በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ነው። ሣጥኑ፣ ሞኒተሩ፣ ማቀዝቀዣው እዚያው ቀርተዋል። ልጁ ያወጣው ፕሮሰሰሩን፣ ኤስ ኤስ ዲውንና ካርዱን ብቻ ነው። ካርዱ የመጣው በእናቱ ጥልፍ ጨርቅ ተጠቅልሎ ነው። ሊለወጥ ተፈርዶበት የነበረው ያው ካርድ መሆኑ ነው።

አሁን በጎንደር ከተማ ይኖራሉ። ልጁ የጎደለውን ቀስ በቀስ አሟልቶ እንደ ገና ገጣጥሞታል፤ ሠርግም ያቀናብራል። በቅርቡ በስልክ ስንገናኝ ፕሮሰሰሩ በሥራ ላይ 66 ዲግሪ ብቻ መሆኑን ነገረን። በከፍታ ቦታ አየሩ ስስ ነው። ጎንደርን በመሰለ ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ በሆነ ከተማ ፋን የሚገፋው አየር ከቆላው ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ይቀላል፤ ስለዚህ በመጠኑ ያነሰ ሙቀት ይወስዳል። የክፍሉ ቅዝቃዜ ግን ከዚህ ጉድለት በላይ ይክሳል። ማቀዝቀዣውን ሲገዛ ከሥሩ ፕላስቲክ መኖሩን በባለሱቁ ፊት ገልብጦ እንዳየም ነግሮናል።

ወደ ሃምሳ አለቃው ባለቤት እንመለስ። ልጅዎ ጨዋታውን ለሃያ አምስት ደቂቃ ሳያቋርጥ ይጫወት። እርስዎ ከጎኑ ተቀምጠው በመጀመሪያው፣ በአሥረኛውና በሃያ አምስተኛው ደቂቃ አራት ቁጥር ይጻፉ፦ ፍሬሙን፣ የፕሮሰሰሩን ሙቀት፣ የካርዱን ሙቀት፣ ካርዱ ከአቅሙ ስንት በመቶ እንደሚሠራ። ፍሬሙ ወርዶ ካርዱም በመቶኛ ከወረደ፣ ማቀዝቀዣውንና ኮምፒዩተሩ የተቀመጠበትን ቦታ ይመርምሩ። ካርዱ ከ97 በመቶ በላይ እየሠራ፣ ሁለቱም ሙቀቶች ደኅና ሆነው፣ ፍሬሙ ከመጀመሪያው ጀምሮ ያነሰ ከሆነ ግን ሻጩ እውነቱን ነው፤ ያን ጊዜም የጨዋታውን ሥዕል ጥራት አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጎ መሞከር ብድር ከመውሰድ ይቀድማል። ካርዱ ራሱ በጣም ግሎ ከተገኘ ፋኖቹ መዞራቸውን ይዩ። የወረቀቱን ግልባጭ ለዝግጅት ክፍላችን ቢልኩልን በሚቀጥለው እትም አብረን እናነበዋለን። ማመልከቻው እስከዚያ ድረስ በመሳቢያ ይቀመጥ።